«የተፈቀደ የቀን ድርሻ»፦ ስለ ንጥረ ምግብ መጠን በተተረጐመ አንድ ወረቀት ላይ የቀረበ ሂስ

ሀ. የጉዳዩ መነሻ

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጌዴኦ ዞን፣ በይርጋ ጨፌ ወረዳ፣ በኮንጋ ቀበሌ ስለ ምግብ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ለነዋሪዎች ሲነበብ ተገኝተን ነበር። ወረቀቱ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጐመ ነው። አንባቢው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ካሰማ በኋላ አንድ የአካባቢው ወጣት በጌዴኡፋ ይመልሰው ነበር። ወረቀቱን ያዘጋጀውን ክፍል ስም መጥቀስ ለያዝነው ጉዳይ አይጠቅምም። ሊጠቀስ የሚገባው ግን ወረቀቱ ከመባዛቱ በፊት የአማርኛውን ረቂቅ ተመልክተው «ደኅና ነው» ካሉት መካከል እኛም መኖራችን ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም ነው።

ኮንጋን የሩቅ አገር ሰው የሚያውቃት በቡናዋ ነው፤ ስሟ በቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ባሕር ይሻገራል። ነዋሪዋ ግን የዕለት ኑሮው በአብዛኛው በእንሰት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ቆጮውን ከጎመንና ከቦሎቄ ጋር፣ በተገኘ ጊዜም ከወተት ጋር ይመገባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ከተመሰከረለት ነገር አንዱ ይኸው ዛፍን፣ እንሰትንና ቡናን በአንድ ማሳ ላይ ደራርቦ የማልማት ጥበብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ወረቀቱ የተነበበው ምግቡን ከማንም ይልቅ ለሚያውቅ ሕዝብ ነበር።

የወረቀቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንደተነበበ አንድ አባት እጃቸውን አንሥተው ድርሻው የሚታደለው የትና መቼ እንደሆነ ጠየቁ። አንዲት እናት ደግሞ «በኪሎ» የተባለው የቆጮው ኪሎ ይሁን የሰው ኪሎ እንዲብራራላቸው ፈለጉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ነበሩ፤ የተሳሳተው ጽሑፉ ነበር። ለምርመራ እንዲመች ከወረቀቱ አራት ዓረፍተ ነገሮችን እንዳሉ እናቀርባለን።

1. «ለአንድ ሰው የተፈቀደው የፕሮቲን የቀን ድርሻ በኪሎ 0.83 ግራም ነው።»

2. «ከዚህ መጠን በታች የሚወስድ ሰው የፕሮቲን እጥረት አለበት።»

3. «ሴቶች በቀን 58.8 ሚ.ግ. ብረት መውሰድ አለባቸው።»

4. «የአንድ ሰው የቀን የኃይል ፍላጎት 2,100 ካሎሪ ነው።»

አራቱም ዓረፍተ ነገሮች በሰዋስው ረገድ እንከን የላቸውም። በውስጣቸው ያሉት ቁጥሮችም በዓለም አቀፍ ሰነዶች የሚገኙ ናቸው። ይሁን እንጂ አራቱም ለአድማጩ የሚነግሩት ሐሳብ ምንጩ ከሚለው የተለየ ነው። ከዚህ ቀጥለን ምክንያቱን በየተራ እንመረምራለን።

ለ. «የተፈቀደ» ስለሚለው ቃል

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተሰናከለው ገና ከጅምሩ ነው። በምንጩ ያለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የሚሰጥ ድርሻንም፣ ለጥንቃቄ ተብሎ የሚታከል ትርፍንም፣ ይሁንታንም ያመለክታል። ቃሉ ወደዚህ ሙያ የገባው በ1941 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካ ለጦርነት በምትሰናዳበት ጊዜ የአገሪቱ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የሥነ ምግብ ባለሙያዎችን ሰብስቦ የሕዝቡ የምግብ መጠን እንዲወሰን አደረገ። ሊዲያ ሮበርትስ የመሩት ኮሚቴ «መለኪያ» ወይም «ግዴታ» የሚል መንፈስ ያለውን ቃል ትቶ ይህን ለዘብ ያለ ቃል የመረጠው፣ ቁጥሮቹ የመጨረሻ ፍርድ እንዳይመስሉና ዕውቀት በጨመረ ጊዜ ሊለወጡ የሚችሉ መሆናቸው እንዲታወቅ ነበር። እንግዲህ ቃሉ የተመረጠው ለትሕትና ነው። በእኛ ትርጉም ግን ትሕትናው ወደ ትእዛዝ ተለወጠ።

የተለወጠበት መንገድ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ትምህርት ይሰጣል። በግእዝ ፈቀደ ማለት ወደደ፣ ሻ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ ፈቃድ የሚለው ስም በአማርኛም ቢሆን ይህን ጥንታዊ ትርጉም ፈጽሞ አልለቀቀም። ግሡ ግን በዛሬው አማርኛ የበላይ ለበታቹ የሚሰጠውን ይሁንታ ያመለክታል። በግእዙ ብንሄድ «የተፈቀደ መጠን» ማለት «የተፈለገ መጠን» ይሆን ነበር፤ ይህም ከባለሙያዎቹ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ኮንጋ ላይ የተቀመጠው አድማጭ ግን የሚሰማው የዛሬውን አማርኛ ነው። ለእርሱ «የተፈቀደ» የሚል ቃል ሦስት ጥያቄዎችን ያስነሣል፦ ማን ፈቀደ? ማን ይሰጣል? ከዚያ በላይ መብላት ተከልክሏል ወይ?

«ድርሻ» የሚለው ቃልም ስሕተቱን አባባሰው። አማርኛ ተለክቶ ስለሚሰጥ ምግብ የሚናገርባቸው የቆዩ ቃላት አሉት። ድርጎ በቀድሞው ሥርዓት ለእንግዳ፣ ለመልእክተኛና ለአገልጋይ በገዥው ትእዛዝ የሚሰፈር ነበር። ቀለብ ለወታደር፣ ለሠራተኛ፣ ለተማሪ ይሰፈራል፤ ለፈረስም ይሰፈራል። ሁለቱም ቃላት ሰጪና ተቀባይ አሏቸው፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለሚሰጠው እንጂ ሰውነት ስለሚፈልገው አይደለም። ሰውነት የሚፈልገው መጠን ቀለብ ሰፋሪ ኖረም አልኖረም ያው ነው። ከሁሉ በላይ በ2018 በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቅሎ በቀለብ የኖረበትን ጊዜ አካባቢው አልረሳውም። እኒያ አባት ድርሻው መቼ እንደሚታደል የጠየቁት ቃሉ የሚለውን በትክክል ስለ ሰሙ ነው።

አማርኛ በዚህ ሙያ ዕድለኛ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም ነበር። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ በኋላም በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ተቋም የሆነው፣ ለሕፃናት የተዘጋጀውን ድጋፍ ሰጪ ዱቄት ፋፋ በሚል ስም አውጥቶት ነበር። ፋፋ ማለት ዳበረ፣ ወዛ፣ ሥጋ ለበሰ ማለት ነው፤ እናት በልጇ ላይ የምታየውን ውጤት ይናገራል። ቃሉ ማብራሪያ ሳያሻው በየቤቱ ገባ። እኛ የምንተረጕማቸው የመጠን ቃላት እንደ ፋፋ በዓይን የሚታይ ነገር ስለሌላቸው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ሐ. ቁጥሩ የማን ነው?

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ያደርጋል። ይህን ለመረዳት 0.83 የሚለው ቁጥር እንዴት እንደ ተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፕሮቲን ናይትሮጅን ስላለው አንድ ሰው ከምግብ ያገኘውንና ከሰውነቱ የሚያስወጣውን ናይትሮጅን በማመዛዘን ሚዛኑ የሚጠበቅበትን ዝቅተኛ መጠን መለካት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና የእርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 ባወጡት ዘገባ መሠረት ያደረጉት እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ነው። በዋናው ስሌት የገቡት 19 ጥናቶች፣ 235 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ የተገኘው የአዋቂ ሰው አማካይ ፍላጎት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 0.66 ግራም ነው። ሰው ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ግማሹ ከዚህ ያነሰ፣ ግማሹ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በአማካዩ ላይ ሩብ ያህል ጨምረው 0.83 አሉ። ይህ ከ100 ሰዎች ለ97 ወይም ለ98ቱ የሚበቃ መጠን ነው።

ነገሩን በአንድ ክብደት ብንመነዝረው ይበልጥ ይገለጣል። ክብደታቸው 50 ኪሎ ግራም የሆነ አዋቂዎች ቢኖሩ አማካይ ፍላጎታቸው 33 ግራም፣ ለብዙኃኑ የሚበቃው መጠን ደግሞ 41.5 ግራም ነው። ከእነዚህ አንዱ በቀን 36 ግራም ቢያገኝ በወረቀቱ አነጋገር «እጥረት አለበት»። በእውነቱ ግን ከግማሽ በላይ በሆነ ዕድል ፍላጎቱ ተሟልቷል። ስለ እርሱ ልንናገር የምንችለው ሥጋት መኖሩን እንጂ ጉድለት መኖሩን አይደለም። ጉድለትን የሚያውቀው ሰውነቱን የሚመረምር ሐኪም ነው፤ ሠንጠረዥ አይደለም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ተርጓሚዎች እምብዛም አያስተውሉትም። የአንድ ቀበሌ ሕዝብ የፕሮቲን አማካይ ልክ 0.83 ላይ ቢገኝ «ሕዝቡ በቂ ያገኛል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኖራል። ነገር ግን አማካዩ እዚያ ከሆነ ከሕዝቡ ብዙው ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው፤ ከእነርሱም መካከል በእርግጥ የጎደለባቸው ይኖራሉ። እንግዲህ አንዱ ቁጥር ለግለሰብ ሲነገር ያለ አግባብ ያስፈራል፤ ለሕዝብ ሲነገር ያለ አግባብ ያረጋጋል። ቁጥሩ ስለ ማን እንደሚናገር የማይገልጽ ቃል ሁለቱንም ስሕተቶች አብሮ ይወልዳል።

በዚህ ላይ 0.83 የተሰላው ጥሩ ጥራት ላለው፣ በቀላሉ ለሚፈጭ ፕሮቲን ነው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ነው። በኮንጋ ማእድ ላይ ፕሮቲን የሚመጣው ከቦሎቄው፣ ከጎመኑና ከወተቱ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ እህልና ጥራጥሬ ተመጋቢ ሲመጣ ማስተካከያ ይሻል። ወረቀቱ ይህን ትቶታል፤ እኛም ረቂቁን ስናይ አልጠየቅንም።

«በኪሎ» የሚለው አሻሚ አነጋገር የተፈጠረው በእኛው እጅ ነው። ምንጩ «ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት» ይል ነበር፤ ረዘመ ተብሎ ተቆረጠ። በገበያ አማርኛ «በኪሎ» ማለት ዘወትር የሚሸጠው ዕቃ ኪሎ ነው። እኒያ እናት ያሰቡት የገበያውን ሚዛን ነበር፤ ሊያስቡ የሚገባቸውም እርሱኑ ነው።

መ. ስለ ብረት

ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ከሠንጠረዥ ላይ አንድ ቁጥር ነቅሎ ያመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2004 ባወጡት መጽሐፍ ውስጥ የወር አበባ ለምታይ ሴት የተቀመጡት የብረት መጠኖች አራት ናቸው፦ 19.6፣ 24.5፣ 29.4 እና 58.8 ሚሊ ግራም። አንባቢ አራቱን ሲያይ ባለሙያዎቹ ያልተስማሙ ይመስለዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ርእስ አለው፦ ሰውነት ከምግቡ ብረት 15፣ 12፣ 10 ወይም 5 በመቶውን ብቻ ሲቀበል የሚያስፈልገው መጠን ነው። የ19.6ን 15 በመቶ ብናሰላ 2.94 ሚሊ ግራም እናገኛለን፤ የ58.8ን 5 በመቶ ብናሰላም እንዲሁ 2.94 ነው። አራቱ ቁጥሮች በእውነቱ አንድ ቁጥር ናቸው፤ የሚለያየው ምግቡ ነው። ርእሱን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ የተረጐመ ሰው ግማሹን ዓረፍተ ነገር ጥሏል።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ አለው። ከሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ጋር ይሠሩ የነበሩት ስዊድናዊው ሐኪም ይንግቬ ሆፍቫንደር በ1968 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያውያን ምግብ በብረት እጅግ የበለጸገ መሆኑን አሳይተው ነበር። የብረቱ ዋና ምንጭ ጤፍ ነበር፤ የብዛቱም አንዱ ምክንያት በአውድማ በበሬ እግር ሲበራይ አብሮት የሚገባው አፈር ነው። ከአፈር የሚመጣው ብረት ግን ወደ ደም የሚገባው እጅግ በጥቂቱ ነው። በአፍ የሚገባውና ሰውነት የሚቀበለው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ አማርኛችን ለሁለቱ ሁለት ስም ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያውን «በምግብ የሚገኝ መጠን»፣ ሁለተኛውን «ሰውነት የሚቀበለው ድርሻ» ብንላቸው ቢረዝምም ግልጽ ነው። «ድርሻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል፤ የሚያመለክተው ከሙሉው የሚወሰደውን ክፍል ስለ ሆነ ነው።

ለኮንጋ ሰው ከ58.8 ይልቅ የሚጠቅም ሌላ ዕውቀት ነበር። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ የሚጠጣ ቡና ሰውነት ከእህልና ከአትክልት የሚቀበለውን ብረት ይቀንሳል፤ ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ ደግሞ ይጨምረዋል። ቡናውም ፍሬውም በአንድ ጓሮ ለሚበቅልበት አገር ይህ ሁለት መስመር ነው፤ ወረቀቱ ግን ለቁጥሩ ሲል ትቶታል።

ሠ. ስለ ካሎሪና ስለ ቀለብ

አራተኛው ዓረፍተ ነገር ሦስት ስሕተቶች አሉት። የመጀመሪያው የመለኪያ ስሕተት ነው፦ 2,100 ካሎሪ ሳይሆን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ነው። በእንግሊዝኛ የተለመደ ቸልተኝነት ኪሎ ካሎሪን «ካሎሪ» ማለትን ስለሚፈቅድ ስሕተቱ ከምንጩ ተወርሷል። ይሁንና መጠኑ በአንድ ሺህ እጥፍ የሚለያይ ቃል በሙያ ጽሑፍ ውስጥ በልማድ ሊታለፍ አይገባም።

ሁለተኛው፣ 2,100 የአንድ ሰው ፍላጎት አይደለም። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለዕቅድ መነሻ የሚሆን፣ የሕፃኑን፣ የአረጋዊውን፣ የሴቱንና የወንዱን ፍላጎት አደባልቆ የተገኘ የሕዝብ አማካይ ነው። ቡና ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎልማሳ ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ከዚህ ግማሹ እንኳ ይበዛበታል። እንደዚህ ያለ አማካይ ሰው በኮንጋም ሆነ በሌላ ቦታ የለም።

ሦስተኛው ስሕተት ረቂቅ ነው፤ ተርጓሚን ይበልጥ ይመለከታል። ለፕሮቲን የተቀመጠው ቁጥር በአማካዩ ላይ መጠባበቂያ የታከለበት ነው። ለኃይል የሚቀመጠው ቁጥር ግን አማካዩ ራሱ ነው፤ ምንም አይታከልበትም። ምክንያቱም ሰው ሁሉ ከፍላጎቱ በላይ ኃይል እንዲያገኝ ቢመከር ትርፉ ስብ ሆኖ ይከማቻል። ወረቀቱ አንዱን «የተፈቀደ ድርሻ»፣ ሌላውን «ፍላጎት» ቢልም ልዩነቱን አውቆ አልነበረም። የተለያዩ ሐሳቦች በአንድ ቃል መጠራታቸው ጎጂ እንደሆነ ሁሉ ቃላት ያለ ምክንያት መለዋወጣቸውም አንባቢን ያሳስታል።

ይህ ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል በቀለብ ላይ እንፈትነው። በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ሲሠራበት የቆየው ወርኃዊ ቀለብ በነፍስ ወከፍ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለ30 ቀን ሲከፈል 500 ግራም እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬና 15 ግራም ዘይት ይሆናል፤ ኃይሉም ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። በኃይል ረገድ ከዕቅዱ ብዙ አልራቀም። ነገር ግን በዚህ ቀለብ ውስጥ ቫይታሚን ሲ የለም ማለት ይቻላል፤ ሌሎችም የሚጎድሉት አሉ። ጓሮውን፣ ጎመኑንና ፍሬውን ትቶ የተሰደደ ሰው በዚህ ብቻ ቢኖር «የቀን ፍላጎቱ» በወረቀት ተሟልቶ በሰውነቱ ይጎድላል። «የኃይል አማካይ» የሚለው ቃል «የቀን ፍላጎት» ተብሎ ሲተረጐም ቀለብ ሰፋሪው ሥራውን የፈጸመ ይመስለዋል። የቃሉ ዋጋ እዚህ ላይ ይታያል።

ረ. ስለ ግሦችና ስለ አሕጽሮተ ቃላት

በወረቀቱ ውስጥ «መውሰድ» የሚለው ግሥ ደጋግሞ ይገኛል። በአማርኛ መድኃኒት ይወሰዳል፤ ምግብ ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ይመገባል። «ብረት መውሰድ» ሲባል የሰሙ ሴቶች የጤና ባለሙያዋ የምትሰጠውን እንክብል ማሰባቸው አይቀርም፤ እንክብሉ ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ስለ ምግብ ስንጽፍ «ማግኘት» የሚለው ግሥ ይሻላል፤ ሰው ከሚበላው ነገር ብረት ያገኛል።

«አለበት» የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ በኩል ግዴታን ያመለክታል፤ «ብረት መውሰድ አለባቸው»። በሌላ በኩል ሕመምን ያመለክታል፤ «እጥረት አለበት»። አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ትእዛዝም የበሽታ ስምም ሲሆን አድማጩ ራሱን እንደ ጥፋተኛም እንደ በሽተኛም ያያል። ድሃ ስለ ማእዱ ሲነገረው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሕጽሮተ ቃላትን በተመለከተ «ሚ.ግ.» የሚለው ለሚሊ ግራም፣ «ማ.ግ.» የሚለው ለማይክሮ ግራም እየተባለ ይጻፋል። በእጅ ጽሑፍና በደበዘዘ ማባዣ ሚና ማ አይለዩም። አንድ አዋቂ በቀን የሚመከርለት አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ በሚሊ ግራም ቢነበብ ሺህ እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ መለኪያዎች ዘወትር በሙሉ ስማቸው እንዲጻፉ እናሳስባለን።

ሰ. የምናቀርባቸው ቃላት

የሌሎች አገሮች ባለሙያዎችም በራሳቸው ቋንቋ ተመሳሳይ ችግር ስለ ገጠማቸው ቃላቸውን ለውጠዋል። እንግሊዞች በ1979 «የሚመከር የቀን መጠን» ብለው ይህ የቡድን አማካይ እንጂ ለግለሰብ የተቆረጠ አለመሆኑን በማብራሪያ ገለጹ። ማብራሪያው ግን ቃሉን ሊያሸንፈው አልቻለም፤ ስለዚህ በ1991 «የሚመከር» የሚለውን ትተው «ማመሳከሪያ» ወደሚል ቃል ተሻገሩ። አሜሪካውያን ከ1997 ጀምሮ አንዱን ቁጥር በአራት ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም ሰጡ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2010 ከሕዝቡ ለሁሉም ማለት ይቻላል ለሚበቃው መጠን በተጠቀመበት ስም ውስጥ «ሕዝብ» የሚለው ቃል ይገኛል። ከዚህ የምንማረው ማብራሪያ የማያስፈልገው ቃል መፈለግ እንዳለብን ነው።

እኛም የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን። ለጠቅላላው፣ «ማመሳከሪያ መጠን»። ከግማሹ ሰው ፍላጎት ጋር ለሚመጣጠነው፣ «አማካይ ፍላጎት»። ከ100 ለ97 ወይም ለ98 ሰው ለሚበቃው፣ «ለብዙኃኑ የሚበቃ መጠን»። ፍላጎቱ በጥናት ሊወሰን ሳይቻል ጤነኞች ከሚመገቡት በመነሣት ለሚቀመጠው፣ «በግምት በቂ መጠን»። ከዚያ በላይ ሲሆን የጉዳት ሥጋት ለሚጀምርበት፣ «የላይኛ ወሰን»። «ዝቅተኛ መጠን» የሚለውን ግን ለማንኛቸውም አንደግፍም፤ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠውን ቁጥር ዝቅ ያለ አስመስሎ ያቀርባል።

«የሚበቃ» የሚለውን ከ«አስተማማኝ» ያስቀደምነው ሁለት ምክንያት ስላለን ነው። በቃ የሚለው ግሥ ከማእድ የወጣ ነው፤ «በቃኝ» ያላለ እንግዳ የለም። ደግሞም በቃ መድረስንም መቆምንም ያመለክታልና ከዚያ በላይ መጨመር ጥቅም እንደማያመጣ ያስታውሳል። ድካሙ «ለብዙኃኑ» የሚለው ቃል ከተጣለ ወዲያው ወደ ቀድሞው ስሕተት መመለሱ ነው። አሳጥሮ መጻፍ የሚወድ ሰው ይህን ቃል ቀድሞ እንደሚቆርጠው ከራሳችን ልምድ እናውቃለን።

በእነዚህ ቃላት አራቱን ዓረፍተ ነገሮች እንደሚከተለው አርመናቸዋል።

1. «ከ100 አዋቂዎች ለ97 ወይም ለ98ቱ የሚበቃው ፕሮቲን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 0.83 ግራም ነው፤ ክብደቱ 50 ኪሎ ግራም ለሆነ ሰው 41.5 ግራም ይሆናል። ፕሮቲኑ ከእህልና ከጥራጥሬ ብቻ ሲሆን ከዚህ ጥቂት ይበልጣል።»

2. «ከዚህ ያነሰ የሚያገኝ ሰው ሁሉ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን ሥጋቱ ይጨምራል።»

3. «አንዲት የወር አበባ የምታይ ሴት ከምግቧ የምታገኘው ብረት በቀን ከ19.6 እስከ 58.8 ሚሊ ግራም ሊሆን ይገባል፤ የሚወስነውም ሰውነቷ ከምግቡ የሚቀበለው ድርሻ ነው። ቡና ከምግብ ራቅ ብሎ ቢጠጣ፣ ፍሬ ከምግብ ጋር ቢበላ ድርሻው ይጨምራል።»

4. «ለእርዳታ ዕቅድ በነፍስ ወከፍ በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ ይታሰባል፤ ይህ የሕዝብ አማካይ እንጂ የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት አይደለም።»

የታረመው ጽሑፍ ከቀድሞው በእጥፍ ይረዝማል፤ ይሁንና አሁንም ከአንድ ገጽ አይወጣም። በመጀመሪያው ንባብ ጊዜ በጌዴኡፋ ሲመልስ የነበረው ወጣት «የተፈቀደ ድርሻ» ሲደርስ ቆም ብሎ እኛን ተመልክቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ያልገባን ቃሉ እንዳላሳመነው ነው። ጌዴኡፋ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የሚማሩበት ቋንቋ እንደ መሆኑ በአማርኛ የምንፈጥረው አሻሚነት ሁሉ ወደዚያ ተሻግሮ በሌላ መጽሐፍ ይታተማል። ስለዚህ ቃላቱ ከመጽደቃቸው በፊት በጌዴኡፋ፣ በሲዳምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚሠሩ ተርጓሚዎች እንዲፈትኗቸው እንጠይቃለን፤ በተለይ «ለብዙኃኑ የሚበቃ» የሚለው ወደ ሌላው ቋንቋ ሲሻገር ብዙኃኑን ይዞ መሻገሩን ቢያረጋግጡልን።

ለእኒያ አባት በዕለቱ የተሰጣቸው መልስ የሚታደል ነገር እንደሌለ ብቻ ነበር። ለእናቲቱ ጥያቄ ግን በቂ መልስ አልሰጠንም። እርማቱን ላዘጋጀው ክፍል አቅርበናል፤ እስኪባዛ ድረስ የቀድሞው ቅጂ ኮንጋ ባለው የመሰብሰቢያ ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ነው።